ንስሩ ከቅርንጫፉ ከመነሳቱ በፊት፦ አዳኝ ወፎችን ሲያድኑና ሲመገቡ ፎቶ ማንሳት

ሐዋሳ ላይ ሁለት ማለዳ ሙሉ አንድ ንስር ስከተል ነበር። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሄድ እሄዳለሁ። ስደርስ ይነሳል። ካርዴ ላይ የቀረው የጅራቱ ፎቶ ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጀልባቸው አጠገብ መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አስጋሪ ጠሩኝ። «ልጄ፣ እሱን ስታባርር ነው እኮ የምትውለው። እዚህ ሾላው ፊት ለፊት ቁጭ በል። ለቁርሱ የሚነሳው ከዚያ ከደረቀው ቅርንጫፍ ነው» አሉኝ። ቁጭ አልኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ምንም የለም። ከዚያ ንስሩ መጣ፣ እሳቸው ያሉት ቅርንጫፍ ላይ አረፈ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ ደግሞ ከፊቴ ውሃው ላይ ወርዶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይዞ ተነሳ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወፍ አልከተልም። የሚመጣበትን ቦታ አጥንቼ እጠብቃለሁ። ይህ መመሪያ ሙሉ በሙሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ምሳሌዬ በአብዛኛው የሐዋሳና የዝዋይ ሐይቆች ዓሣ አዳኝ ንስር ነው። ወፉ ትልቅ ነው፣ ቦታው በመኪና ይደረሳል፣ አደኑም በግልጽ ውሃ ላይ ስለሆነ ለጀማሪ ከሌሎቹ ይሻላል። ስለ ጥንብ አንሳዎችና ስለ ደጋው ወፎችም ወደ ኋላ ላይ እመጣለሁ።

ልምምዱን ከሰፈር ጀምሩ

አዲስ አበባ የምትኖሩ ከሆነ ሐይቅ ድረስ ከመሄዳችሁ በፊት ጭላት ላይ ተለማመዱ። ልጅ እያለን ጭላት ግቢያችን ላይ መዞር ሲጀምር ዶሮዋ ቀድማ ታውቅ ነበር። ድምጿን ትቀይራለች፣ ጫጩቶቹ ክንፏ ሥር ይገባሉ፣ እናቶቻችን ደግሞ «ጭላት! ጭላት!» እያሉ ይወጣሉ። ያ ወፍ ዛሬም ከተማው ውስጥ አለ። ቄራ አካባቢ፣ ሥጋ ቤቶች ጓሮ፣ ገበያ ዳር ሁሌም አይጠፋም።

ጭላት ለልምምድ የሚመቸው ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ጅራቱ እንደ መቅዘፊያ ይጣመማል፣ በድንገት ይታጠፋል፣ ቁልቁል ይወረወራል። እሱን በሌንስ መከተል የቻለ ሰው ለንስር አይቸገርም። በመጀመሪያው ቀን የመተኮሻውን ቁልፍ አትጫኑ። ወፉን ሃያ ሰከንድ ያህል ከመሃል ሳታወጡት ተከተሉት። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ፣ ክርናችሁን ከጎናችሁ አጣብቁ፣ ከወገባችሁ ዙሩ። እጅ ብቻ ሲዞር ሌንሱ ይዘላል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። ጭላት የያዘውን ትንሽ ቁራጭ ሥጋ እየበረረ ይበላዋል። እግሩን ወደ ፊት ያመጣል፣ አንገቱን ያጎነብሳል፣ አየር ላይ ይቀነጥሳል። ይህን ቅጽበት በጥራት ማንሳት ከቻላችሁ ለሐይቁ ተዘጋጅታችኋል።

ወፉን አጥኑ

ዓሣ አዳኙን ንስር ለመለየት አይከብድም። ራሱ፣ ደረቱና ጅራቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር ነው። ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ሲጮህ ራሱን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ይጮኻሉ። ድምፁን አንዴ ከሰማችሁት አትረሱትም። ገና ሳይነጋ ከየትኛው ዛፍ እንደሚመጣ አዳምጡ፤ ቦታ ለመምረጥ ከምንም በላይ ይረዳችኋል።

ጥንዶቹ የየራሳቸው የሐይቅ ዳርቻ አላቸው፣ ሌላ ንስር ሲገባ ያባርራሉ። ስለዚህ ዛሬ ያያችሁትን ጥንድ ነገም እዚያው ታገኙታላችሁ። የሚወዱት መቀመጫ ከውሃው ዳር ያለ፣ ከፊቱ የሚከልለው ነገር የሌለ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ነው። ብዙ ጊዜ የደረቀ ነው። ከሥሩ ሂዱና መሬቱን እዩ። ነጭ ኩስ ግንዱ ላይ ፈስሶ፣ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ወድቆ ካገኛችሁ ቦታውን አገኛችሁት ማለት ነው። ወፉ በሌለበት ሰዓት ነው ታዲያ ይህን የምታደርጉት፤ ቶሎ አይታችሁ ውጡ።

ንስሩ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ቁጭ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። አንድ ጥሩ ዓሣ ከያዘ ለረጅም ሰዓት ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ሳይበላ ነው መድረስ ያለባችሁ። ፀሐይ ከወጣችበት ከ12 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ረፋዱ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ከሁሉም የተሻለ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ውሃው ላይ ያለው አየር በሙቀት መርገብገብ ይጀምራል፤ ያኔ ምንም ውድ ሌንስ ቢኖራችሁ ፎቶው ፈዛዛ ይሆናል። ብዙ ሰው ካሜራው የተበላሸ ይመስለዋል። ችግሩ አየሩ ነው።

ፀሐይና ንፋስ

ስለ ፀሐይ ሁሉም ያውቃል፤ ከጀርባችሁ ትሁን። የሐዋሳ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ከከተማው ዳርቻ ወደ ሐይቁ ስታነሱ ብርሃኑ ከኋላችሁ ነው። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የእግር መንገድ ላይም፣ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ አካባቢም ይህ ይሠራል። ዝዋይ ግን ተቃራኒ ነው። ባቱ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ናት፤ ጠዋት ከዳርቻው ካነሳችሁ ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ናት። እዚያ ወይ ጠዋት በጀልባ ወጥታችሁ ፊታችሁን ወደ ዳርቻው መልሱ፣ ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ከዳር ሆናችሁ ሥሩ።

ስለ ንፋስ ግን ብዙ ሰው አያስብም። ለእኔ ከካሜራው ይበልጣል። ትልቅ ወፍ ሲነሳም ሲያርፍም ፊቱን ወደ ንፋሱ ይሰጣል። ንፋሱ ከጀርባችሁ እየመጣ ከሆነ ንስሩ ሲነሳ ፊቱ ወደ እናንተ ነው፤ ዓይኑ ይታያል፣ ጥፍሩ ይታያል። ንፋሱ ከፊታችሁ ከመጣ ቀኑን ሙሉ የምታገኙት ጀርባ ነው። ሁለት ማለዳ ሙሉ የጅራት ፎቶ የሰበሰብኩት ለዚህ ነበር።

ንፋሱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የውሃውን ሞገድ፣ የሸምበቆውን ጫፍ፣ ከዓሣ መጥበሻ ቤቶች የሚወጣውን ጭስ እዩ። ወይም ትንሽ ደረቅ ሣር በትኑ። በየግማሽ ሰዓቱ ደግማችሁ ተመልከቱ፤ ማለዳ ጸጥ ያለው ሐይቅ ረፋዱ ላይ ይቀየራል።

ፀሐይም ንፋስም ከጀርባችሁ ከሆኑ አትነቃነቁ፣ ያ ቦታ ወርቅ ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ ግን እኔ ንፋሱን እመርጣለሁ። ፀሐይ ዝቅ ብላ ከፊት ብትመጣ እንኳ የክንፉ ዳር ያበራል፣ የሚረጨው ውሃ እንደ ብልጭታ ይሆናል። ጀርባውን የሰጠ ወፍ ግን በየትኛውም ብርሃን ያው ጀርባ ነው።

ካሜራውን ቀድማችሁ አዘጋጁ

ሌንስ ቢያንስ 400 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወፉ ይበልጥ ይቀርባል። የሲግማና የታምሮን ከ150 እስከ 600፣ የኒኮን ከ200 እስከ 500፣ የሶኒ ከ200 እስከ 600 ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። መግዛት ካልቻላችሁ ተከራዩ ወይም ከጓደኛ ተዋሱ። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ካላችሁ አትከፉ፤ ወፉን ስለሚያቀርብላችሁ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

የሹተሩን (ብርሃን ለማስገባት የሚከፈትና የሚዘጋውን መጋረጃ) ፍጥነት 1/2000 ሰከንድ ላይ አድርጉ። ንስሩ ውሃውን ሲመታ ለማንሳት 1/3200 ይሻላል፤ የክንፉ ጫፍም የውሃው ጠብታም ጠርቶ የሚቆመው ያኔ ነው። አፐርቸሩን (ሌንሱ ውስጥ ያለውን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ) ከ5.6 እስከ 8 ባለው ውስጥ አቆዩት። አንድ ነገር ላስረዳ፦ በ600 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ በ6.3 አፐርቸር፣ 20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ወፍ ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የክንፉ ስፋት ደግሞ 2 ሜትር ነው። ስለዚህ ፎከሱ ዓይኑ ላይ ካልሆነ ፎቶው አይሠራም። ክንፉ ቢደበዝዝ ችግር የለውም።

ብርሃኑን በእጅ አስተካክሉ። ካሜራው ራሱ እንዲወስን ከተዋችሁት ንስሩ ጨለማ ዛፍ ፊት ሲያልፍ ነጩ ራስ ይቃጠላል፤ ሰማይ ላይ ሲወጣ ደግሞ ወፉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ወፉ ቁጭ ባለበት ነጭ ራሱን አንሱና ስክሪኑ ላይ እዩ። ብርሃን የበዛበትን ቦታ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ አብሩት። ራሱ ላይ ካብለጨለጨ ትንሽ ቀንሱ፣ እስኪቆም። ከዚያ አትንኩት፤ ፀሐይዋ ከፍ ስትል ብቻ ደግማችሁ ለኩ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ማለዳ ላይ 1600 ወይም 3200 ቢደርስ አትፍሩ። ትንሽ ጠጠር ጠጠር ያለ ፎቶ ይስተካከላል፤ የተንቀጠቀጠ ፎቶ ግን አይድንም።

ፎከሱ ያለማቋረጥ የሚከተል ይሁን። አዲስ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ የወፍ ዓይን ያውቃል፤ አብሩት። የቆየ ካሜራ ካላችሁ የመሃሉን ነጥብ ከአጠገቡ ካሉት ጋር ተጠቀሙ። የውሃው ሞገድ ፎከሱን ይሰርቃል፤ ስለዚህ ፎከሱ ቶሎ ወደ ሌላ ነገር እንዳይዘል የሚያደርገውን ማስተካከያ ከካሜራው ዝርዝር ውስጥ ፈልጉት። ሌንሱ ላይ ያለውን የርቀት ገደብ ቁልፍም ወደ ሩቁ አድርጉት። አንዳንድ ካሜራ ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት ያለውን ግማሽ ሰከንድም ይመዘግባል። ካላችሁ ያለ ጥርጥር ተጠቀሙበት። እጃችን ከንስር ይዘገያል።

አጉሊውን (ዙሙን) እስከ መጨረሻው አትግፉት። ቁጭ ያለ ወፍ ላይ 600 ቢያምርም ሲነሳ ክንፉ ከፎቶው ይወጣል። አደን ስጠብቅ 400 አካባቢ ነው የምይዘው። የሚቀረውን ቤት ገብቼ እቆርጣለሁ።

ቦታ ያዙና ዝም በሉ

ሳይነጋ ድረሱ። ንስሩ ስትመጡ ካየና እዚያው ስትቀመጡ ከቆያችሁ ይለምዳችኋል፤ እሱ ካረፈ በኋላ ከመጣችሁ ግን ይሄዳል። ነጭ ልብስ ይቅር፤ ሣርና አፈር የሚመስል ይሁን። በተቻለ መጠን ዝቅ በሉ። ሌንሱ ከውሃው ጋር ሲቀራረብ ንስሩ ሲወርድ ዓይን ለዓይን ትገናኛላችሁ፣ ከጀርባው ያለው ዳርቻም ለስልሶ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ግን ከልቤ የምነግራችሁ አለ። በሐዋሳም በዝዋይም ጉማሬ አለ። ሌሊት ሣር ሊበላ ወጥቶ ማለዳ ወደ ውሃው ይመለሳል። በእሱና በውሃው መካከል መሆን ሕይወት ያስከፍላል። ጨለማ ውስጥ ብቻችሁን ሸምበቆ ውስጥ አትግቡ። ዓሣ አስጋሪዎቹን «ዛሬ የት አካባቢ ነው ያለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በትክክል ያውቃሉ።

በመኪና መድረስ የሚቻልበት ቦታ ከሆነ መኪናው ከሁሉም የተሻለ መደበቂያ ነው። ሞተሩን አጥፉ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። በጨርቅ ከረጢት ሽንብራ ወይም ሩዝ ሞልታችሁ መስኮቱ ላይ ብታስቀምጡት ሌንሱ አይነቃነቅም። ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ማቆሚያ) መሬት ላይ ይረዳል። ጀልባ ላይ ግን ሁለቱንም ተዉት፤ የጀልባውን መንቀጥቀጥ ወደ ሌንሱ ያመጣሉ። ጀልባ ላይ ቁጭ ብላችሁ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ በእጅ ያዙ።

ጀልባ ስትከራዩ ዋጋውን ከመነሳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ለቀዛፊው የምትፈልጉትንም አስረዱት፦ ወደ ወፉ ቀጥታ እንዳይሄድ፣ ሞተሩን ከሩቅ እንዲያጠፋ፣ ከዚያ በቀዘፋ ወይም በንፋሱ ቀስ ብሎ እንዲጠጋ። ብዙዎቹ ጎብኚን ለማስደሰት ብለው አጠገቡ ድረስ ይወስዷችኋል፤ ንስሩ ይነሳል፣ እነሱም እናንተም ታዝናላችሁ።

ሊነሳ ሲል

ይህ ክፍል በትዕግሥት የሚገኝ ነው። ንስሩ ከመነሳቱ በፊት ይናገራል። በመጀመሪያ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ይተከላል። እስከዚያ ግራ ቀኝ ሲያይ የነበረው ራስ ይቆማል። ከዚያ ራሱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ርቀት እየለካ ነው። ላባውን ወደ ገላው ያጣብቃል፣ ቅጥነት ይታይበታል። ወደ ፊት ያዘነብላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ኩስ ይጥላል። ኩስ ከጣለ ዓይናችሁን ከካሜራው አታንሱ። ጣታችሁን ግማሽ ተጭናችሁ ጠብቁ።

ሲነሳ ወዲያው አትተኩሱ። መጀመሪያ ተከተሉት፣ ፎከሱ ይያዘው። ወደ ውሃው ሲቃረብ ክንፉን ወደ ኋላ ይስባል፣ እግሮቹን ወደ ፊት ይወረውራል። መተኮስ የምትጀምሩት እግሩ መውጣት ሲጀምር ነው። ካሜራዎች በተከታታይ ብዙ ፎቶ ሲያነሱ ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታቸው ይሞላል። ገና ከቅርንጫፉ ሲነሳ ቁልፉን ተጭናችሁ ከቆያችሁ ውሃውን ሲመታ ካሜራው ይቆማል። ይህ ያልደረሰበት የወፍ ፎቶ አንሺ አላውቅም።

ዓሣው የሚያዘው ከውሃው ወለል አጠገብ ሲሆን ነው፤ ንስሩ እንደ ዳክዬ አይጠልቅም። የጣቶቹ ሥር ሸካራ ስለሆነ ሙልጭልጭ ያለው ዓሣ አያመልጠውም። ሁሌም አይሳካለትም ግን። ባዶ እግሩን ሲመለስም አንሱት፤ ያ ፎቶ እውነተኛ ነው። ዓሣው ከከበደው ደግሞ አየር ላይ አያነሳውም። ውሃው ላይ እየጎተተ፣ አንዳንዴም በክንፉ እየቀዘፈ ወደ ዳር ያመጣዋል። ብዙ ሰው «አመለጠው» ብሎ ካሜራውን ያወርዳል። አታውርዱ። ንስር በክንፉ ሲቀዝፍ ማየት በብዙ ማለዳ አንዴ የሚገኝ ነገር ነው።

ሲመገብ

አሁን ሩጫው አለቀ፤ ጊዜ አላችሁ። ንስሩ ዓሣውን ወደ ቅርንጫፍ ይወስዳል ወይም ዳር ላይ ይጥለዋል፣ በአንድ እግሩ ረግጦ ይቀነጥሳል። የሹተሩን ፍጥነት ወደ 1/640 ወይም 1/800 አውርዱ፣ አፐርቸሩን 8 አድርጉ፣ አይኤስኦውን ቀንሱ። የሥጋው ዝርዝር፣ የጥፍሩ ኩርባ፣ ቅርፊቱ ሁሉ ጥርት ይላል።

የምትጠብቁት ቅጽበት ራሱን ቀና አድርጎ የሥጋው ገመድ በምንቃሩና በዓሣው መካከል ሲወጠር ነው። ራሱን ዓሣው ውስጥ ቀብሮ ሳለ ማንሳት ዋጋ የለውም። ሌላ ነገር፦ ሲቀነጥስ ዓይኑን ለመጠበቅ ስስ ነጭ ሽፋን ይጋርደዋል። ያ ፎቶ የታመመ ወፍ ያስመስለዋል። ስለዚህ ሦስት አራት ፎቶ በተከታታይ ውሰዱ፤ አንዱ ላይ ዓይኑ ይከፈታል።

ዙሪያውንም ቃኙ። ቡናማ መልክ ያለው ገና ያልጎለመሰ ንስር ሊመጣ ይችላል። ጭላት ሊመጣ ይችላል። ባለቤቱ ክንፉን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ምግቡን ሲሸፍን ታዩታላችሁ። እሱም ራሱ የሌላውን ወፍ ዓሣ ይቀማል። አሞራ ገደል ላይ አባ ኮዳው፣ ጭላቱና ይብራው አንድ ላይ የሚሻሙት ዓሣ አስጋሪዎቹ የሚጥሉትን የዓሣ አንጀት ነው። እሱን ማንሳት ደስ ይላል፣ አደን ግን አይደለም። ሁለቱን አትቀላቅሉ።

አንድ ምልክት አስታውሱ። ወፉ መብላቱን አቁሞ እናንተን ካየ፣ ላባውን ካጣበቀ፣ ምግቡን ይዞ ለመሸሽ ከተዘጋጀ ቀርባችኋል። ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። ያን ዓሣ ለመያዝ ስንት ጊዜ ባዶውን እንደተመለሰ አላየንም።

ዓሣ እየወረወሩ ስለ ማንሳት

በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ጀልባ ቀዛፊዎች ያፏጫሉ፣ ዓሣ ይወረውራሉ፣ ንስሩም ይመጣል። እዚህም የሞተ ዓሣ ገዝቶ የሚወረውር አለ። እኔ አላደርገውም። ንስሩ ወደ ጀልባ መቅረብን ይለምዳል፤ ነገ የሚቀርበው መረብና መንጠቆ ወዳለበት ጀልባ ነው። ፎቶውም አደን አያሳይም። ከዚህ በፊት አድርጋችሁ ከሆነ ፎቶው ሥር በግልጽ ጻፉት፤ ተመልካቹ ማወቅ አለበት። በሕይወት ያለ ጫጩት ወይም አይጥ አስሮ ማጥመድ ግን ጭካኔ ነው። ጎጆ ያለበት ዛፍ አጠገብም አትሂዱ። እናቲቱ ስትነሳ እንቁላሉ ፀሐይ ላይ ይቀራል፣ ቁራ ይመጣል። የጎጆውን ቦታም በማኅበራዊ ሚዲያ አታውጡ።

ጥንብ አንሳዎች

የሞተ ከብት ላይ የሚሰበሰቡትን ለማንሳት ማለዳ መነሳት አያስፈልግም። ትልልቆቹ ጥንብ አንሳዎች ከባድ ስለሆኑ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ መነሳት እስኪጀምር ይጠብቃሉ። ከ3 ሰዓት በኋላ ነው የሚበዙት። መኪና ውስጥ ሁኑ፣ ከ40 እስከ 50 ሜትር ራቁ፣ ሁሉም እስኪረጋጉ አትንቀሳቀሱ።

ገበታቸው ሥርዓት አለው። ቆዳውን የሚቀደው ትልቁና ብርቱው ነው፤ ራሰ በራው፣ የጆሮ ግንዱ ቆዳ የታጠፈው። ረጃጅም አንገት ያላቸው ደግሞ ራሳቸውን ሆድ ዕቃው ውስጥ ያስገባሉ። ትንሹ፣ ምንቃረ ቀጭኑ፣ ዳር ዳር እየዞረ ፍርፋሪ ይለቅማል። ጠብ ሲነሳ እግራቸውን አንስተው ይረጋገጣሉ፤ አቧራው፣ ክንፉ፣ የተዘረጋው አንገት ሁሉ ያኔ ነው። በ1/1600 አንሱ።

የጠገበ ጥንብ አንሳ ቶሎ መነሳት አይችልም። ከደነገጠ ክብደት ለመቀነስ የበላውን ይተፋል። ስለዚህ ለፎቶ ብላችሁ እንዲነሱ አታስደነግጧቸው። ሬሳው ዙሪያ የሞቱ ጥንብ አንሳዎች ካያችሁ ደግሞ ምንም አትንኩ። ለጅብ ወይም ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋ ሊሆን ይችላል፤ በአፍሪካ ጥንብ አንሳዎችን ከሚጨርሱት ነገሮች ዋናው መርዝ ነው። ፎቶ አንስታችሁ፣ ቦታውን መዝግባችሁ ለፓርኩ ወይም ለአካባቢው አስተዳደር ወዲያው አሳውቁ። እንዲህ ያለ ፎቶ ከሁሉም ፎቶዎቻችሁ የበለጠ ይጠቅማል።

ገደልና ደጋ

ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ደብረ ሊባኖስ ላይ፣ የፖርቱጋል ድልድይ በሚባለው አካባቢ፣ የገደሉ አፋፍ ላይ ስትቀመጡ ወፎቹ ከእናንተ በታች ያልፋሉ። የክንፋቸውን የላይኛውን ገጽ በብርሃን ማንሳት የሚቻልበት እንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ነው። እዚያ የምትጠብቁት አጥንት ሰባሪውን ነው፤ ጢም ያለውን ጥንብ አንሳ። አጥንት በእግሩ ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይለቀዋል፣ ዞሮ ይወርዳል። ካልተሰበረ ደግሞ ያነሳዋል። ደጋግሞ ስለሚያደርገው የመጀመሪያውን ብትስቱት አትዘኑ። ድንጋዩን ለዩ፣ አጉሊውን ሰፋ አድርጉ፣ ወፉና አጥንቱ አንድ ፎቶ ውስጥ እንዲገቡ ቦታ ተዉ። ከአፋፉ ግን ራቅ በሉ። በሌንስ እያዩ አንድ እርምጃ መሄድ አደገኛ ነው።

ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ሰዓቱ ይለያል። ቦታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱ በረዶ ስለሆነ አይጦቹ የሚወጡት ፀሐይ ሲሞቃቸው ነው፣ አዳኞቹም እነሱን ተከትለው። ከረፋዱ 3 እስከ 6 ሰዓት ሥራ አለ። መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ የሚቀመጠውን፣ ጅራቱ ቀይ፣ ክንፉ አጭርና ሰፊ የሆነውን ጭልፊት መሰል ወፍ ከመኪና ሳትወርዱ አንሱት። ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲቆፍር ካያችሁ ዙሪያውን ተመልከቱ፤ የሚያመልጠውን የሚጠብቅ ወፍ አጠገቡ ሊኖር ይችላል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ያልቃል፤ ትርፉን በውስጥ ኪሳችሁ ያዙ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ንስሮችና ጭልፊቶች ይጨመራሉ።

ሰዎቹን አትርሱ

ትልቅ ሌንስ የያዘ ሰው ሲታይ ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ለጥበቃው ወይም ለአካባቢው ሽማግሌ ራሳችሁን አስተዋውቁ። ያነሳችሁትን ወፍ ስክሪኑ ላይ አሳዩ። ጥርጣሬን እንደዚያ ቶሎ የሚያጠፋ ነገር አላየሁም። ድልድይ፣ ግድብና ወታደራዊ ቦታ ያለበት አቅጣጫ ሌንሱን አታዙሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይበረርም፣ ወፉንም ያስደነግጣል። ፓርክ ውስጥ መግቢያውን ከፍላችሁ፣ የተመደበላችሁን ስካውት ይዛችሁ ሂዱ። ስካውቱን ሌንሱ ከመውጣቱ በፊት «ጋሼ፣ የት ነው የሚያርፈው?» ብላችሁ ጠይቁ። አካባቢውን ለዓመታት ዞረውበታል።

ማታ

ፎቶውን በዚያው ምሽት ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። መጀመሪያ ዓይኑ ያልጠራውን ሁሉ አጥፉ። ከዚያ ጥፍሩ ወይም ምግቡ የተቆረጠበትን። ከአንድ ማለዳ ሁለት ሦስት ቢቀር ጥሩ ነው። ቁረጡ፣ ብርሃኑን አስተካክሉ፣ ነጩ ላባ ላይ ዝርዝር እንዲታይ አድርጉ። ያልነበረ ዓሣ ግን አትጨምሩ፣ የነበረ ቅርንጫፍም አታጥፉ።

ባትሪው እየሞላ ሳለ ደብተር አውጡ። የትኛው ዛፍ፣ በስንት ሰዓት አረፈ፣ በስንት ሰዓት ተነሳ፣ ንፋሱ ከየት ነበር፣ ዓሣውን ይዞ ወደየት ሄደ። የእኔ የሐዋሳ ደብተር ላይ ያ የደረቀ ቅርንጫፍ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ዘጠኙ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ባለው ውስጥ ነው። ስለዚህ ስሄድ 12 ሰዓት ላይ ሾላው ፊት ለፊት ነኝ።